መኪናው ስፖርት፣ ጎማው ጡረተኛ

ናዝሬት (አዳማ በሏት፣ ያው ናት) መኪና ለማሳየት የምትመች ከተማ ናት። ዋናው መንገዷ ሰፊ፣ ማታዋ ሞቃት፣ በረንዳ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን የሚመለከት ሰው ደግሞ አይታጣባትም። ባለ ሁለት በሯ፣ ዝቅ ያለችው፣ ድምጿ ከሩቅ የሚሰማው ስፖርት መኪና ስትመጣ ባለ ባጃጁም ባለ ጋሪውም ዞር ብሎ ያያታል። ታዲያ ሁላችንም የምናየው ቀለሟን፣ ቸርኬዋን፣ ሲብስም የሾፌሩን መነጽር ነው። ጎማዋን ማን ያያል? ጎማ እኮ ጥቁር ነው፣ ክብ ነው፣ አለቀ!

አላለቀም እንጂ። ያ ሁሉ የፈረስ ጉልበት፣ ያ ሁሉ ፍሬን መሬት የሚነካው አራት የእጅ መዳፍ በምታህል ቦታ ብቻ ነው። እሷ ከከዳች የሞተሩ ጉልበት የሚያፈጥነው ወደ ገደል ነው።

ነገሩን ያነሳሁት በአንድ የልብ ጓደኛዬ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለች ጀርመን ሠራሽ መኪና አለችው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ሲጭን፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ሲከለክል የእሱዋ ዓይነት የማትገኝ ዕቃ ሆና አረፈችው። ስለዚህ እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚሳሳላት።

ጎማዋ ሲያልቅ ግን ስስቱ ወደ ኪሱ ዞረ። አንድ ደላላ «ስሙ የገነነ የአውሮፓ ማርካ፣ ትንሽ ያገለገለ፣ ጥርሱ ሙሉ» ብሎ አራት ጎማ አመጣለት። ዋጋው የአዲሱን ግማሽ አይሞላም። ጥቁረቱ ደግሞ እንደ ተወለወለ ጫማ ያበራል። «አዲስ ሆኖ ስም የሌለው ከምገዛ አገልግሎም ቢሆን ይሄን ስም ብይዝ አይሻልም?» አለኝ። ልቤ ስላልወደደው አንድ የምናውቃቸው ጎሚስታ ዘንድ ይዤው ሄድኩ።

ጎሚስታው ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰው ናቸው። ማርካውን እንኳ አላዩትም። ጎማውን አዙረው አዙረው ጎኑ ላይ ከተጻፈው መካከል አራት ቁጥር በጥፍራቸው ጠቆሙን፤ 1114።

«በፈረንጅ 2014፣ አሥራ አንደኛው ሳምንት» አሉ። «ይሄ ጎማ የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ እኩያ ነው።»

«ጥርሱ ግን ሙሉ ነው እኮ ጋሼ!»

«ጥርሱ የሞላው ስላልሠራበት ነው። ጎማ ቆሞም ያረጃል ልጄ።» ጎኑን በጉልበታቸው ተጭነው ሲያጥፉት ከሚያበራው ቅባት ሥር እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ገላ ብቅ አለ። ከዚያ ቀና ብለው «ለመሆኑ በዚህች መኪና ማንን ነው የምትጭነው?» ሲሉት ዝም አለ። መልሱን እኔ አውቀዋለሁ። በየሁለት ሳምንቱ እናቱን ለሕክምና አዲስ አበባ የሚያመላልሰው በእሷው ነው።

«ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ»ን ያላየ ወጣት ካለ እጁን ያውጣ። የዚያ ፊልም ዝነኛ ተዋናይ ፖል ዎከር በኅዳር 2006 ዓ.ም. ካሊፎርኒያ ውስጥ የሞተው ጓደኛው በሚነዳት ፖርሽ ካሬራ ጂቲ ውስጥ ተቀምጦ ነው። መርማሪዎቹ ዋናው ጥፋት ፍጥነት ነው አሉ፤ በሰዓት ከ130 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይበር ነበር። ነገር ግን ጎማዎቹ ዘጠኝ ዓመት ያለፋቸው መሆናቸውንም አብረው መዝግበዋል። እንግዲህ የእነሱ ገንዘብ ያላዳነውን የእኛ ደላላ ያድነዋል?

ስለዚህ ጎማ ልትገዙ ስትወጡ እነዚህን ያዙ።

ዕድሜውን ጠይቁ። «ዲኦቲ» ከሚለው ጽሑፍ ጋር ካሉት የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 2319 ካለ በፈረንጅ 2019፣ 23ኛው ሳምንት፣ በእኛ 2011 ዓ.ም. ግንቦት ማለቂያ ላይ ተሠራ ማለት ነው። ብዙ መኪና አምራቾች ስድስት ዓመት ከሞላው ቀይሩት ይላሉ፤ ጎማ አምራቾቹ ደግሞ ቢበዛ ቢበዛ 10 ዓመት። ቁጥሩ በአንዱ ጎን ብቻ ሊጻፍ ስለሚችል ሻጩ «የለውም» ቢላችሁ ገልብጣችሁ እዩ።

ፊደሏን አንብቡ። ከመጠኑ ቀጥላ የምትመጣው ፊደል ጎማው የሚችለውን ፍጥነት ትነግራችኋለች፤ «ኤች» 210፣ «ቪ» 240፣ «ደብልዩ» 270፣ «ዋይ» 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት። «የፍጥነት መንገዱ የሚፈቅደው 120 ነው፤ 270 ምን ያደርግልኛል?» የሚል አይጠፋም። ፊደሏ የውድድር ፈቃድ አይደለችም፤ ጎማው ሙቀትን ምን ያህል እንደሚቋቋም ነው የምትመሰክረው። ከአዲስ አበባ ብርድ ተነስቶ ወደ ስምጥ ሸለቆ የሚወርድ ጎማን የሚጠብቀው ደግሞ ሙቀት ነው። ወደ መተሐራና አዋሽ ከቀጠላችሁማ አስፋልቱ ራሱ ምጣድ ነው። መኪናው ሲሠራ ከታዘዘለት ፊደልና የክብደት ቁጥር በታች አትውረዱ።

የጎኑን ቁመት አስቡበት። 245/40/18 የሚል ጎማ ወርዱ 245 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የወርዱ 40 በመቶ (98 ሚሊ ሜትር)፣ ቸርኬው 18 ኢንች ነው። ጎኑ ያጠረ ጎማ ኩርባ ላይ ለመሪው ይታዘዛል፣ ያምራልም። ነገር ግን መቂም ሆነ ባቱ፣ ሻሸመኔም ሆነ እዚሁ ናዝሬት፣ የሰፈር ጉድጓድ ውስጥ ስትገቡ ቸርኬውን ከድንጋዩ የሚለየው ያቺው አጭር ጎን ናት። ጎሚስታው የሰጡት መላ 17 ቸርኬ ከ225/50 ጎማ ጋር ነበር፤ ቸርኬው ፍሬኑን ካልነካ ማለት ነው። የጎማው ሙሉ ቁመት ከድሮው ጋር እኩል ነው ለማለት ይቻላል፤ ጎኑ ግን 112 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ጓደኛዬ ሳቀ። «ትንሽ ቸርኬ? ሰው ምን ይለኛል ጋሼ!»

«ሰው ጉድጓድ ውስጥ አብሮህ አይገባም» አሉት።

ንፋሱን ጠዋት ለኩ፣ ጎማው ሳይሞቅ። ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ንፋሱ ከአንድ ተኩል ፒኤስአይ በላይ ይጨምራል። ይህን የሰማ አንዳንድ አራዳ «ናዝሬት ሞቃት ናት» ብሎ ንፋስ ያጎድላል። ተቃራኒው ነው! ንፋስ የጎደለው ጎማ ጎኑ እየታጠፈ እየተዘረጋ ራሱን ያግላል፤ መጨረሻው መፈንዳት ነው። ትክክለኛው ልክ አብዛኛውን ጊዜ የሾፌሩ በር ሲከፈት ከጎኑ ተለጥፎ ይገኛል።

ለአራት ካልበቃችሁ ሁለት አንድ ዓይነት ግዙ። የፊቱና የኋላው መጠን እኩል ከሆነ አዲሶቹን ከኋላ እሰሩ፤ በክረምት ዝናብ የኋላው ከከዳ መኪናዋ እንደ እንዝርት ትሾራለች።

ጓደኛዬ በመጨረሻ ያንን ቤት የሚያናውጥ ስፒከር ሸጠና አራት አዲስ፣ መካከለኛ ማርካ ጎማ ገዛ። ቸርኬውን ግን አልቀነሰም፤ ያቺን ምክር አልሰማም አለ። እኔም ሁሉን ልስማህ ብሎ ሰው አይሰማም ብዬ ተውኩት። ስም በቸርኬው ላይ ይቅር፣ ጎማው ትኩስ ከሆነ ይበቃኛል።

እናንተም ገንዘቡ እስኪሞላ ጎማው የማይችለውን አትንዱ። ያረጀ ጎማ በእኛ ከተማ ሥራ አያጣም። ከጋሪ ሥር ይገባል፣ በረባሶም ይሆናል። እናትን ይዞ በሰዓት 120 ለመንዳት ግን አይሆንም።

መልካም መንገድ!