እንግዳው ለጻፈው፣ እኛ የምንመልሰው

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ እንግዳ መቀበል ሆኗል። በነርስነት ዲፕሎማዬ ሐረር ባለ አንድ ሆስፒታል ከሠላሳ ዓመት በላይ አገልግያለሁ። የጡረታው ገንዘብ ከወር እስከ ወር አላደርስ ሲል፣ ጀጎል ውስጥ ከወላጆቻችን የወረስነውን ቤት ሁለት ክፍሎች አጽድተን፣ ፈቃድ አውጥተን ለአዳሪ እንግዳ ማከራየት ጀመርን። አልጋ የማነጥፈው፣ ቁርስ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ሒሳቡንና ስልኩን የያዘው ልጄ ነው። እንግሊዝኛው ሲጠጥርብን የምታግዘን ደግሞ አሥረኛ ክፍል የምትማረው የልጅ ልጄ ናት።

ድሮ እንግዳ የሚመጣው በሰው በሰው ነበር። ዛሬ ግን ገና ድሬዳዋ ከአውሮፕላን ሳይወርድ ቤታችንን በስልኩ ካርታ አይቶ፣ ከሱ በፊት ያረፉት የጻፉትን አንብቦ፣ ኮከባችንን ቆጥሮ ነው የሚመጣው። በየከተማው ክፍል የምታከራዩ፣ ይህንንም ሥራ ለልጆቻችሁ የተዋችሁ ወላጆች ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ በእኛ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ።

ጀጎል ውስጥ ቤት ማግኘት ቀላል አይደለም። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገባት ይህች አሮጌ ከተማ በ48 ሄክታር ላይ የሰፈረች ናት። በዚያ ውስጥ 82 መስጊዶች፣ 102 የአውሊያ ቦታዎች፣ ከዚያም በላይ እርስ በርስ የተያያዘ የመኖሪያ ቤት አለ። አብዛኛው መተላለፊያ መኪና አያስገባም። ከላይ በሳተላይት ሲታይ ጣሪያ ከጣሪያ ስለሚገናኝ የማን ቤት የት እንደሚያልቅ አይለይም።

ቤታችንን ጎግል ማፕ ላይ ያስገባው አንድ አርፎ የሄደ እንግዳ ነው። በካርታው ላይ ማንም ሰው የጎደለ ቦታ መጨመር፣ የተሳሳተም ካለ ይታረም ብሎ ሐሳብ መላክ ይችላል። እንግዳው በጎ አስቦ ነው ያደረገው። ነጥቡ ግን ያረፈው በእኛ በር ላይ ሳይሆን ከጀርባችን ባለው መተላለፊያ፣ ብቻቸውን በሚኖሩ አንዲት አዛውንት ጎረቤታችን ደጃፍ ላይ ነበር።

እኒህ እናት የደም ግፊት አለባቸው። በየሳምንቱ እየሄድኩ እለካላቸዋለሁ። አንድ ቀን ክንዳቸውን እያሰርኩ ሳለ፣ «ልጄ፣ ሌሊት በሬን የሚደበድቡት ያንቺ እንግዶች ናቸው እንዴ?» አሉኝ። ለካ ሻንጣ የያዘ ሰው ከምሽቱ አራት ሰዓት፣ አምስት ሰዓት ላይ ስልኩን እያየ ይመጣና እሳቸውን ያንኳኳል። እሳቸውም ክፉ ወሬ መጣ ብለው በጨለማ እየተደናበሩ ይነሳሉ። በካርታው ላይ ልዩነቱ የጣት ጫፍ አያክልም። እሳቸው ዘንድ ግን እንቅልፍ ማጣትና የመውደቅ አደጋ ነበር።

ያን ቀን ማታ ልጄ ደጃችን ላይ ቆሞ ነጥቡን አስተካክሎ ላከ። ጥቂት ቀን ወስዶ ታረመ። ካርታው ለእያንዳንዱ ቦታ ፕላስ ኮድ የሚባል አጭር የፊደልና የቁጥር መለያ ይሰጣል፤ የመንገድ ስም ለሌለበት ሰፈር ጥሩ ነውና እሱንም ለእንግዶች መላክ ጀመርን። ከሁሉ የጠቀመን ግን በመግለጫው ላይ ያሰፈርነው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «በሸዋ በር ገብታችሁ ፈረስ መጋላ ስትደርሱ ደውሉ፤ ሰው ልከን እንቀበላችኋለን።» ከዚያ ወዲህ የጎረቤቴ በር በሌሊት አልተንኳኳም።

ቀጥሎ የተማርነው የባለቤትነትን ነገር ነው። ቤታችሁ ካርታው ላይ ስላለ ብቻ የምታስተዳድሩት እናንተ ናችሁ ማለት አይደለም። ድርጅቱ የኔ ነው ብሎ ማመልከትና ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ማረጋገጫው በስልክ ወይም በኢሜይል ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን በቪዲዮ ይጠየቃል። አካባቢውን፣ የቤቱን ምልክት፣ በሩን በቁልፍ ስትከፍቱ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ሁሉም የሚከራይ ቤት አይመዘገብም። በወር የሚከራይ ባዶ አፓርታማ ወይም የዕረፍት ጊዜ ቤት ብቻውን እንደ ድርጅት እንዲወጣ የጎግል ደንብ አይፈቅድም። እንግዳ ተቀባይ ያለበት ማረፊያ ግን ይፈቀድለታል። በወር ተከራይ የምትኖሩ ከሆነ፣ ተከራያችሁ የሚኖርበትን ቤት ካርታ ላይ መስቀል እሱንም ማጋለጥ ነው።

ሌላው የቁልፉ ጉዳይ ነው። የማውቃቸው አንድ ቤተሰብ ማረፊያቸውን ያስመዘገቡት በወንድማቸው ልጅ የግል ኢሜይል ነበር። ልጁ ውጭ አገር ሄደ፤ የይለፍ ቃሉ ጠፋበት። አሮጌው ስልክ ቁጥር ካርታው ላይ ቀርቶ እንግዳ ቢደውል የሚያነሳ ጠፋ። እኛ ዘንድ መዝገቡ በቤተሰቡ ኢሜይል ነው። ልጄም የልጅ ልጄም በየራሳቸው አካውንት በአስተዳዳሪነት ተጨምረዋል፤ የይለፍ ቃሉም በወረቀት ተጽፎ ከቤቱ ካርታ ጋር በሳጥን ተቀምጧል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። አንድ ወጣት እንግዳ ለሁለት ቀን አርፎ ሄደ። ከሳምንት በኋላ አንድ ኮከብ ሰጥቶን እንዲህ የሚል ጻፈ፦ ውኃ አልነበረም፣ ወንበር እንኳ የለም፣ እዚያ ቤት በልቼ ታመምኩ።

ልጄ ሲያነብ ፊቱ ተለዋወጠ። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሏል ይህ ነው!» አለ። እውነቱን ነው። ያ እንግዳ ሲመጣ ጀምሮ ታሞ ነበር። የመጣ ዕለት ማታ ኦ.አር.ኤስ. በጥብጬ፣ በየሰዓቱ እያስጎነጨሁ ያደርኩት እኔ ነኝ። በማግስቱም ሐኪም ቤት የወሰደው ይኸው ልጄ ነው፤ የተከፈለውም ከኛ ኪስ ነው። ሲታመም ሰው ብዙ ይናገራልና፣ ስለ ጤናውና ስለ መንገዱ ለኔ የነገረኝ ነገርም ነበር። ልጄ ጥቂቱን ሰምቷል። ተቀምጦ ረጅም መልስ ጻፈ። መቼ እንደታመመ፣ የት ምን እንደበላ፣ ምን መድኃኒት ይወስድ እንደነበር ሁሉም አለበት። ሊልከው ሲል ስልኩን ከእጁ ወሰድኩ።

«እማዬ፣ ውሸት የቱ ላይ ነው?» አለኝ።

«ውሸትማ የለበትም፤ የታማሚ ገመና ነው ያለበት» አልኩት።

ተከራከርን። እሱ የሚለው፣ ስማችንን በአደባባይ አጥፍቶ እኛ ዝም ካልን ሰው እውነት ይመስለዋል ነው። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ የዚያ ወር ገቢያችን በዚያች ኮከብ ላይ ተንጠልጥሏል። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያወቅሁትን የሰው በሽታ ለጎረቤት እንኳ አውርቼ አላውቅም። ሆስፒታል ውስጥ የተሰደብንባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው፤ የሰደበንን ሰው ካርድ አውጥተን ለተሰብሳቢው አላነበብንም። ነጭ ጋውኑን ስላወለቅሁ ያ ግዴታ ከላዬ አልወረደም። የካርታው መልስ ደግሞ በስሙ ሥር፣ ዓለም በሚያየው ቦታ የሚወጣ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የጽሑፉ ወለምታማ ፎቶ ተነስቶ ይቀራል።

አንድ ሌላ ነገርም ነገርኩት። መልሱን የሚያነበው የጻፈው እንግዳ አይደለም፤ እሱ ተመልሶ ላያየውም ይችላል። የሚያነበው ነገ ክፍል የሚፈልገው ሰው ነው። ያ ሰው ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ለመፍረድ አይደለም የሚያነበው። እኔ ብታመም፣ እኔ ቅር ቢለኝ እነዚህ ሰዎች ምን ያደርጉኛል ብሎ ነው የሚጠይቀው።

ከዚያ ሦስታችን ተቀምጠን ቅሬታውን እንደ ሐኪም ለያየነው። ውኃ አልነበረም ያለው እውነት ነው፤ ሐረር ውኃ በፈረቃ መሆኑን ነዋሪው ሁሉ ያውቃል፣ መንገደኛው ግን አያውቅም። ወንበር የለም ያለውም እውነት ነው፤ የሐረሪ ቤት መቀመጫው ነደባ ነው፣ ከፍና ዝቅ ብሎ የተሠራ፣ ምንጣፍና ትራስ የሚነጠፍበት መደብ። ምግቡ አሳመመኝ ያለው ግን ትክክል አይደለም። የልጅ ልጄ በእንግሊዝኛ የጻፈችው መልስ በአማርኛ ይህን ይመስላል፦

«ስላረፉብን እናመሰግናለን። በጉዞዎ ላይ መታመምዎ አሳዝኖናል፤ አሁን እንደተሻልዎት ተስፋ እናደርጋለን። ለእንግዳ የምናቀርበው ውኃ የታሸገ ወይም የፈላ ነው፤ ምግቡም በየዕለቱ እዚሁ ይሠራል። የከተማው ውኃ በፈረቃ ስለሆነ በሮቶ እናጠራቅማለን፤ ይህንንና የቤቱን ባህላዊ መቀመጫ በመግለጫችን ላይ ጽፈናል። ተጨማሪ ነገር ካለ ይደውሉልን።»

ልጄ አንብቦ «ይኼማ ምንም አላለም» አለ። እኔ ግን የሚባለው ሁሉ ተብሏል ባይ ነኝ። መልሱን ከመላካችን በፊት መግለጫውን አስተካከልን፤ ውኃው በፈረቃ መሆኑን፣ መታጠቢያው ግቢ ውስጥ መሆኑን፣ ነደባ ምን እንደሆነ ከነፎቶው ጨመርን። ከዚያ ወዲህ ስለ ወንበር ያማረረ እንግዳ የለም፤ ነደባው ላይ ለመቀመጥ ብለው የመጡ ግን አሉ።

አስተያየቱ ዛሬም እዚያው አለ። ባለቤት የማይወደውን አስተያየት ማጥፋት አይችልም። ስድብ ካለበት፣ ጨርሶ ያላረፈ ሰው ከጻፈው፣ ወይም የሰው የግል መረጃ ካወጣ ደንብ ጥሷል ብሎ ማመልከት ይቻላል። ቅር አሰኘኝ ብሎ ማመልከት ግን ጥቅም የለውም።

ወሬው ቶሮንቶ ያሉ ዘመዶቻችን ጆሮ ሲደርስ ሌላ ፈተና መጣ። የሐረር ልጆች እዚያ ብዙ ናቸው። «አክስቴ፣ አታስቢ፤ እኛ አሥራ አምስት ሰው ሆነን አምስት አምስት ኮከብ እንሰጣለን፣ ያቺ አንዷ ትዋጣለች» አለችኝ የእህቴ ልጅ። ሒሳቡ እውነቷን ነው። አራት ሰው አምስት ኮከብ ሰጥቶ አንዱ አንድ ቢሰጥ አማካዩ 4.2 ይሆናል። ሃያ ሰው አምስት ሰጥቶ አንዱ አንድ ቢሰጥ ግን 4.8 ነው። ጥቂት አስተያየት ያለው ቤት በአንድ ሰው ቃል ይናጋል፤ ብዙ ያለው አይናጋም።

እሺ አላልኳትም። ቤተሰብ ለቤተሰብ፣ ወይም በክፍያና በቅናሽ ተደልሎ የሚጻፍ አስተያየትን ደንቡ ይከለክላል፤ ከታወቀም ይሰረዛል። ደንቡ ባይኖርስ? ያልተኛበትን አልጋ ምቹ ነው ያለ ዘመዴ፣ በሱ ቃል አምኖ የመጣውን መንገደኛ አታሎብኛል። «ክረምት ስትመጡ ኑና እደሩ፤ ያያችሁትንም እዚሁ ፊት ለፊት ንገሩኝ» አልኳት። በምትኩ ለሚያርፍ እንግዳ ሁሉ፣ ደስ ያለውም ቅር ያለውም ሳይለይ፣ ሲሰናበት «ያዩትን ይጻፉልን» ማለት ጀመርን። ደስተኛውን ብቻ መርጦ መጠየቅም ደንቡ አይወደውም። በዝግታ ቢሆንም አስተያየቱ እየበዛ ነው።

አያቶችን የሚመለከት አንድ ነገር ላክል። እንግዶች ፎቶ ያነሳሉ፤ ያነሱትንም ካርታው ላይ ይለጥፋሉ። ከነዚህ አንዱ ትንሹን የልጅ ልጄን ከነዩኒፎርሙ በራችን ላይ የሚያሳይ ነበር። ፊቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቤቱ የት እንደሆነ፣ ሦስቱም በአንድ ፎቶ! አመልክተን ተነሳ። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲገባ ቁልፍ ስንሰጠው፣ ቤቱን እንደልብዎ ያንሱ፣ ልጆቹንና ጎረቤቶቹን ግን ይተዉልን እንላለን። እስካሁን ያልተቀበለን የለም።

አሁን እሑድ ማታ ቡና ከተጠጣ በኋላ ስልኩ ይወጣል። የሳምንቱን አስተያየት የልጅ ልጄ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ልጄ መልሱን ይናገራል፤ እኔ የሚቀረውን አስቀራለሁ። የተናደደ ሰው በዚያው ቀን አይመልስም የሚል ሕግ አለን። ስልኩን ልጆች ቢይዙት ጥሩ ነው፤ ከኛ ይልቅ እነሱ ያውቁበታል። በቤታችን ስም የሚወጣውን ቃል ግን አብረናቸው እንይ። የትኛው ቃል ተነግሮ፣ የትኛው እንደሚዋጥ ከኛ ነው የሚማሩት።