በኤንጋዲን ተራራ ሐይቅ ላይ በነፋስ ክንፍ መሄድን ስለ መማር

ሰው በጎልማሳነቱ አዲስ ነገር ለመማር ሲነሣ ከድካሙ ይልቅ የሚያስቸግረው እፍረቱ ነው። ታናሹ ሲያስተምረው፥ ልጆችም ቆመው ሲያዩት መሳቂያ የሆነ ይመስለዋል። እኛም ባለፈው ነሐሴ በስዊስ አገር ይህ ነገር ደርሶብናልና፥ ያየነውንና የተማርነውን፥ የተሳሳትነውንም ጭምር ለቤተ ሰብ ይጠቅማል ብለን እንደሚከተለው ጽፈነዋል።

በዙሪክ ከተማ ተቀምጦ የሚሠራ፥ ከእኛ በጥቂት ዓመት ብቻ የሚያንስ የታላቅ እኅታችን ልጅ አለ። ልንጠይቀው በሄድን ጊዜ «አጎቴ፥ ከተማውን አይተውታል፤ አሁን ደግሞ ተራራውን ይዩልኝ» ብሎ ከሚስቱና ከአሥር ዓመት ሴት ልጁ ጋራ ይዞን ወጣ። ከዙሪክ እስከ ኩር ድረስ በትልቁ ባቡር ሄድን፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጕዞ ግን በጠባቡ የተራራ ሐዲድ ነው። ይህ የአልቡላ መንገድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1904 ሳን ሞሪትስ የደረሰ ሲሆን፥ 65 ሜትር ከፍታ ባለው በላንድቫሰር ድልድይ ላይ አልፎ፥ በተራራው ሆድ ውስጥ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ሳን ሞሪትስም በ1928 እና በ1948 የበረዶ ኦሎምፒክ የተደረገባት ከተማ ናት። ከእርስዋ ጥቂት በአውቶቡስ ሄደን ሲልቫፕላና ከምትባል መንደር ወረድን።

መንደሪቱ በስምዋ በሚጠራው ሐይቅ ዳር ተቀምጣለች። በስተ ደቡብ በኩል 3,451 ሜትር ከፍታ ያለው የኮርቫች ተራራ በረዶውን እንደ ነጠላ ጣል አድርጎ ይታያል። የሐይቁ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 1,790 ሜትር ገደማ ነው፤ ከጣናችን ከፍታ ጋራ እኩል ነው ለማለት ይቻላል። በሌላው ነገር ግን ሁለቱ አይመሳሰሉም። ጣና 3,000 ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል ሰፍቶ ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ ሲሆን፥ የሲልቫፕላና ሐይቅ ስፋቱ 3 ኪሎ ሜትር ካሬ እንኳ ሳይሞላ ጥልቀቱ 77 ሜትር ይደርሳል። ውኃው የበረዶ ቅላጭ ስለ ሆነ በነሐሴም እጅ ያደነዝዛል።

ሰዎች ከሩቅ አገር ወደዚህ ሐይቅ የሚመጡት ስለ ነፋሱ ነው። እንደ ተለመደው በተራራ አገር ቀን ቀን ፀሐይ ሸለቆውን ስታሞቀው ነፋስ ከታች ወደ ላይ ይወጣል፤ ሌሊት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። በዚህ ስፍራ ግን ከደቡብ ምዕራብ፥ ከብሬጋልያ ሸለቆ የሚወጣው የሞቀ አየር 1,815 ሜትር ከፍታ ያለውን የማሎያን በር ተሻግሮ፥ በቀትር ጊዜ ወደ ኤንጋዲን ቁልቁል ይፈሳል። ስለዚህ ጧት እንደ መስተዋት የነበረው ሐይቅ በበጋው ወራት ሰማዩ በጠራ ቀን፥ ከቀትር ጀምሮ በማዕበል ይነሣል፤ ወደ ማታም ጸጥ ይላል። የአገሩ ሰዎች ይህን የማሎያ ነፋስ ይሉታል።

በዚህ ነፋስ የሚጫወቱበት አዲሱ ጨዋታ ዊንግ ፎይል ይባላል። መሣሪያው ሦስት ነው። አንደኛው ሰው የሚቆምበት ሰሌዳ ነው። ሁለተኛው ከሰሌዳው በታች የሚተከል 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ምሰሶ፥ ከጫፉም ላይ እንደ ወፍ ክንፍ የተዘረጋ የውኃ ውስጥ ክንፍ ሲሆን፥ ፎይል የሚባለው ይህ ነው። ሦስተኛው በፓምፕ ተነፍቶ በእጅ የሚያዝ የነፋስ ክንፍ ነው። ይህም ከመርከብ ሸራ የሚለየው ከሰሌዳው ጋራ በምንም ሳይያያዝ በሰውየው እጅ ብቻ ስለሚያዝ ነው። ሰሌዳው ፍጥነት ሲያገኝ፥ የአውሮፕላን ክንፍ በአየር እንደሚያደርገው ሁሉ፥ የታችኛው ክንፍ በውኃ ውስጥ ሽቅብ ይገፋል፤ ሰሌዳውም ሰውየውን እንደ ተሸከመ ከውኃው ብድግ ይላል።

ነገሩ አዲስ ቢመስልም ሥሩ የቆየ ነው። ኤንሪኮ ፎርላኒኒ የሚባል ኢጣልያዊ መሐንዲስ በ1906፥ ከእነዚሁ ተራሮች በስተ ደቡብ በሚገኘው በማጆሬ ሐይቅ ላይ፥ እንዲህ ያለ ክንፍ ከታችዋ የተተከለባትን ጀልባ በሰዓት 68 ኪሎ ሜትር አስኬዷታል። በእጅ የሚያዘው የነፋስ ክንፍ ግን በገበያ የተስፋፋው ከ2019 ወዲህ ነው።

ለመማር የመጣ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳር አየር በስድስተኛ እጅ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህ በቍጥር እኩል የሆነ ነፋስ እዚህ የሚሰጠው ጕልበት ያነሰ ነው፤ ክንፉም በመጠኑ ተለቅ ማለት አለበት። ክብደታችን 75 ኪሎ ስለ ሆነ መምህርቲቱ 6 ሜትር ካሬ የሆነ ክንፍና 120 ሊትር የሚይዝ ሰፊ ሰሌዳ ሰጠችን። ከዚህም በቀር ብርዱን የሚከላከል 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የጎማ ልብስ፥ የራስ ቍርና የሚያንሳፍፍ ሰደርያ አስለበሰችን፤ ክንፉንም ሰሌዳውንም በገመድ ከገላችን ጋራ አሰረችልን።

በመጀመሪያው ቀን ከሣሩ ላይ አልወረድንም። ጀርባን ለነፋስ ሰጥቶ ክንፉን በፊተኛው መያዣ ብቻ ቢይዙት እንደ ሰንደቅ ዓላማ እየተውለበለበ ዝም ይላል፤ የኋለኛውን መያዣ ሳብ ሲያደርጉት ጕልበት ያገኛል፤ ጕልበቱ ሲበዛ የኋላውን እጅ ማላላት ነው። በማግስቱ ፎይሉ ተነቅሎለት በሰሌዳው ላይ ተንበርክከን፥ ነፋሱን በጎን ተቀብለን መሄድን ተማርን። እግርን ሳይሆን የሚሄዱበትን ዳር መመልከት፥ ሲወድቁም ከሰሌዳው ራቅ ብሎ መውደቅ የግድ ነው፤ በኋላ ፎይሉ ሲተከል ጫፉ እንደ ስለት ይቈርጣልና።

በዚያው ቀን ጧት መምህርቲቱ፥ ነፋስ የወሰደው ሰው እንዴት እንደሚመለስ ለብቻው አስተምራ ነበር። ይኸውም ሰሌዳውን ከቶ አለመልቀቅ፥ ክንፉን ገልብጦ ከሰሌዳው ጫፍ ላይ አድርጎ በደረት ተኝቶ በእጅ መቅዘፍ፥ ይህም ካልሆነ ሁለቱን ክንድ ወደ ጎን ዘርግቶ በቀስታ ከፍ ዝቅ እያደረጉ ርዳታ መጥራት ነው። እኛ ግን በዚያን ሰዓት በሐይቁ ላይ የሚበርሩትን እያየን ስለ ነበር ነገሩን በግማሽ ጆሮ ሰማነው።

ከቀትር በኋላ የእኅታችን ልጅ ልጅ ከሰሌዳው ላይ ቀጥ ብላ ቆማ፥ ሄዳም ተመለሰች። እኛ ገና እንንበረከክ ነበርና ነገሩ ከነከነን፤ ተነሥተን ቆምን። ሰሌዳው ሲሄድልን ደስ ብሎን ከተከለከለው ምልክት አለፍን። ከኋላችን «አጎቴ፥ ይበቃል፤ ይመለሱ!» የሚል ድምፅ ሰማን፤ ነገር ግን መመለሻውን አላወቅነውም። ነፋሱ በረታ፤ በወደቅን ቍጥር ወደ ሱርሌይ፥ ወደ ሐይቁ ማዶ ጫፍ ይገፋን ጀመር። ጣታችን ደነዘዘ። ክንፉን ለመገልበጥ ብንሞክር ነፋሱ ከእጃችን ይነጥቀዋል። ከሰሌዳው ላይ ተኝተን ተያዝን እንጂ፥ ክንዳችንን ማንሣት ትዝ አላለንም።

ያን ጊዜ ትምህርቱን በሙሉ ጆሮዋ የሰማችው ሕፃኒቱ ናት። ከዳር ቆማ ስታየን፥ «ጋሼ እጃቸውን ማንሣት ረስተዋል፤ ደክመዋል» ብላ ለመምህርቲቱ ነገረቻት፤ ወዲያውም ጀልባ መጥታ አወጣችን። መምህርቲቱ አልተቈጣችም፤ ነገር ግን ሙቅ ሻይ ከሰጠችን በኋላ፥ «ነገ የሚጀምሩት ከመመለስ ነው» አለችን። ሕፃኒቱም አልሳቀችም፤ ፎጣ አቀብላን አጠገባችን ተቀመጠች። የፈራነው እፍረት ግን የዚያን ጊዜ ከነሙሉ ክብደቱ መጣብን፤ ያፈርነውም ስለ መውደቃችን ሳይሆን ስላለመስማታችን ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጧት ነፋስ ሳይነሣ መመለስን አሥር ጊዜ ተለማመድን፤ የምታርመንም ልጅቱ ነበረች። ከቀትር በኋላ ፎይሉ ተተከለልን፤ ከታች እንዳይነካም ውኃው ከወገብ በላይ እስኪሆን ገብተን ተነሣን። ደጋግመን ከወደቅን በኋላ ወደ ማታ ገደማ ሰሌዳው በድንገት ብድግ አለ። ውኃው ሰሌዳውን የሚመታበት ድምፅ ጠፋ፤ የቀረው የነፋሱ ድምፅ ብቻ ነበር። አሥር እስክንቈጥር ያህል እንኳ አልቈየም፤ ወደቅን። ነገር ግን በዚህ ጊዜ ክንፉን ገልብጠን፥ በደረታችን ተኝተን፥ ማንም ሳይረዳን ቀዝፈን ከዳር ደረስን። ልጅቱ ያጨበጨበችልን ስለ መብረራችን ሳይሆን ስለ መመለሳችን ነው።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉትን በልጅነታችን ሰምተነዋል፤ ለሌላውም ብዙ ጊዜ ተናግረነዋል። በተራራ ሐይቅ ላይ ይህን ጨዋታ ሊጀምር የሚያስብ ቤተ ሰብ ቢኖር፥ ምክራችን ይህ ነው፦ ጧት በጸጥታው ተማሩ፤ ነፋሱ ወዴት እንደሚገፋ ሳታውቁ አትግቡ፤ ብርዱን አትናቁ፤ ከመብረር አስቀድሞ መመለስን እወቁ። ልጅ የሚያስተምራችሁም የሆነ እንደ ሆነ፥ ዕድሜዋን ሳትቈጥሩ አድምጧት።