የምንሸሽገው ብጉንጅ

በጥይት የቆሰለ ወታደር ጠባሳውን በኩራት ያሳያል። በብብቱና በብሽሽቱ ብጉንጅ እየተመላለሰ የሚያሠቃየው ግን ከጓዶቹ ተለይቶ ይታጠባል፤ ከባለቤቱም ይሸሸጋል። ሁለቱም ቁስል ሆነው ሳለ አንዱ ክብር፣ ሌላው ኀፍረት የሚሆንበት ምክንያት ለእኛ አይታየንም።

ይህን ሕመም ሐኪሞች «ሂድራዴናይቲስ ሱፑራቲቫ» ይሉታል። የጠጉር መብቀያ ቀዳዳ ተደፍኖ ከቆዳ ሥር ሲፈነዳ ሥፍራው ይቆጣል፤ መግል ይቋጥራል፤ ጠባሳ ትቶ ከሄደ በኋላም ይመለሳል። ከንጽሕና ጉድለት የሚመጣ አይደለም፤ በመተቃቀፍም ሆነ አልጋ በመጋራት ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ከሥራ ድርሻችን የተነሣ የቤተሰብ ቅሬታ እንሰማለን። አንዲት እህታችን ባለቤቷ ለብቻው መተኛት ከጀመረ ወራት ማለፋቸውን እያለቀሰች ነግራናለች። እርሱን ስናነጋግረው «እንዳላስይዛት ፈርቼ ነው» አለን። ሐኪም ለሁለቱም በአንድነት ካስረዳቸው ወዲህ የመድኃኒቱን ሰዓት የምትጠብቅለት እርሷ ሆናለች።

«ተላላፊ ካልሆነ አንቲባዮቲክ ለምን ይታዘዛል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ዶክሲሳይክሊንን የመሰለው መድኃኒት ባክቴሪያን ከመግታቱም ሌላ የቆዳውን ቁጣ ያበርዳል። ስለሆነም ብዙውን ጊዜ እስከ 12 ሳምንት ይወሰዳል፤ ከጓድ የተለመነ ሁለት ፍሬ እንክብል የሚፈይደው የለም። ሕመሙ ለጠናበት ክሊንዳማይሲን ከሪፋምፒሲን ጋር ሊታዘዝ ይችላል። ሪፋምፒሲን ዋነኛ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በመሆኑ፣ በሽተኛው ነቀርሳ እንደሌለበት አስቀድሞ መመርመር አለበት፤ አለዚያ የነቀርሳው ተሕዋስ መድኃኒቱን ሊለማመድ ይችላል።

እህቶቻችንም ይህን ይገንዘቡ፦ ሪፋምፒሲን የሚወስዱ ከሆነ የወሊድ መከላከያ እንክብልን ያዳክምባቸዋል፤ ሽንትንም ወደ ቀይ ብርቱካንማ ቢለውጥ ሊያስደነግጣቸው አይገባም። ዶክሲሳይክሊን ደግሞ ለነፍሰ ጡር አይመከርም።

አንቲባዮቲክ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ከሥሩ አይነቅለውም። ሲጋራ መተው ይመከራል፤ ሕመሙ ለበረታበትም ቀዶ ሕክምና፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2015 ለዚሁ ሕመም የተፈቀደው አዳሊሙማብ የተባለ መርፌ አለ። ለሁሉም በር ከፋቹ ግን መናገር ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላልና፣ የደበቅነውን አስቀድመን ለትዳር ጓደኛችን፣ ቀጥሎም ለሐኪም እንግለጥ።