አንድ መርከብ፣ ብዙ አስተያየት



በዚህ እትም የምጽፍላችሁ ስለ መርከብ ጉዞ ነው። «የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት፣ በኢትዮጵያ የቀሩት ዘመዶቻችን ጉዳይ እያለ መርከብን ምን አመጣው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ካነበባችሁ ግን ነገሩ ከመርከቡ አልፎ ወደየቤታችን እንደሚገባ ታያላችሁ።

በምሠራበት ሰፈር ያለው የአረጋውያን ሞዓዶን ባለፈው በጋ የመርከብ ሽርሽር አዘጋጅቶ ነበር። ከሃይፋ ወደብ ተነስቶ በቆጵሮስ ሊማሶልን፣ በግሪክ ደግሞ ሮዶስን አሳይቶ በአምስተኛው ቀን የሚመልስ ጉዞ ነው። አረጋውያን ብቻ ሳይሆኑ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸውም ተመዝግበው ወደ 40 ሰው ሆንን። እኔ በማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛነቴ አብሬ እንድሄድ ተመደብኩ።

ይህ ዓይነቱ መርከብ ሰውን ከአገር አገር ለማድረስ ብቻ የተሠራ አይደለም። ራሱ ሆቴል ነው፤ ገበያ፣ ቲያትር ቤት፣ መዋኛና ምግብ ቤት አለው። ከጊዜ ወደ ጊዜም እየገዘፈ መጥቷል። በ1912 የሰመጠችው ታይታኒክ ርዝመቷ 269 ሜትር ነበር። በጥር 2024 ከአሜሪካ ማያሚ ወደብ መንገደኛ ይዞ የመጀመሪያ ጉዞውን የጀመረው «አይከን ኦፍ ዘ ሲዝ» ግን 365 ሜትር ርዝመትና 20 ፎቅ አለው፤ ሲሞላ 7,600 ያህል መንገደኛና 2,350 ያህል ሠራተኛ ይይዛል። የአንድ ትንሽ ከተማ ሕዝብ ማለት ነው። ስለ እርሱም ዓለም በሁለት ተከፍሎ ነበር፤ አንዱ «ገነት ነው» ሲል፣ ሌላው «ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ብረት ውስጥ ማጨቅ ምን ይባላል?» ይላል። የእኛ መርከብ ከዚህ በብዙ ያንሳል። ቢሆንም ወደቡ ላይ ቆሞ ቀና ብሎ ላየው ሰው እንደ ተራራ ነው።

ከተመለስን ከአንድ ሳምንት በኋላ በሞዓዶኑ ቡና ተፈልቶ ተሰበሰብን። «ጉዞው እንዴት ነበር?» ብዬ ብጠይቅ፣ የሰማሁት የአንድ መርከብ ወሬ አልመስል አለኝ።

አንዲት እናት፣ ሰባት ልጆች ያሳደጉ፣ እንዲህ አሉ፦ «ከተወለድኩ ጀምሮ ሌላ ሰው አብስሎልኝ፣ ሌላ ሰው ሳህኔን አንስቶልኝ አያውቅም። አራት ሌሊት ንግሥት ሆኜ ከረምኩ። ነገ ሂጂ ብትሉኝ ነገ እሄዳለሁ።»

አጠገባቸው የተቀመጡት ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ደግሞ እስር ቤት ነው የመሰለኝ። መስኮት የሌለው ክፍል ሰጡኝ፤ ይንጋ ይምሽ አላውቅም። ወደ ላይ ስወጣ ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ የምግቡ መደፋት ነው። ሰው ሳህኑን ሞልቶ ይወስድና ሁለት ጉርሻ በልቶ ይተወዋል። እህል ሲደፋ አይቼ እንዴት ይዋጥልኝ?» አሉ።

ሁለት ትንንሽ ልጆች ይዛ የሄደች ወጣት እናት ልጆቿ ከመዋኛው አንወጣም ብለው እንዳለቀሱ፣ እርሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሐሳብ እንደ ተቀመጠች ነገረችን። ነገር ግን «ሁሉም ተከፍሏል» የተባለችው ለስላሳ መጠጥ፣ ኢንተርኔትና በየወደቡ ያለው አስጎብኚ ለየብቻ ሲያስከፍላት ጊዜ ሂሳቡ አስደንግጧታል።

በሆቴል በጽዳት የምትሠራ ሌላ እናት ደግሞ የራሷን አልጋ በየቀኑ ማለዳ ታነጥፍ እንደ ነበር ተናገረች። ክፍሉን የሚያጸዳው ልጅ ከፊሊፒንስ የመጣ፣ ልጆቹን ካየ ብዙ ወር የሆነው ነው። «ድካሙን አውቀዋለሁ። እርሱ እየለፋ እኔ ልዝናና አልቻልኩም» አለች። ለእርሷ ጉዞው ዕረፍት ሳይሆን ሥራዋን በሌላ በኩል ማየት ነበር።

በመጨረሻ የተናገሩት ከወልቃይት የመጡ እናት ናቸው። ከመካከላችን በመርከብ ሲሄዱ ለሁለተኛ ጊዜ የሆነው እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ልጆቻችን እንዲያውቁት እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ላንሳ። በ1981 እና በ1982 በሱዳን መጠለያዎች ከነበሩት ወገኖቻችን ከፊሉ የወጡት በባሕር ነው። በመኪና ሌሊት ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ተወሰዱ፤ ከዚያም የባሕር ኃይል ወታደሮች በጎማ ጀልባ እያሳፈሩ «ባት ጋሊም» ወደምትባል የእስራኤል መርከብ አሻገሯቸው፤ መርከቧም ሻርም ኤል ሼክ አደረሰቻቸው። በ1982 የሱዳን ወታደሮች ነገሩን ደርሰውበት ከተኮሱ በኋላ የባሕሩ መንገድ ቀርቶ በአውሮፕላን ተተካ። እኒህ እናት ያን ጊዜ ባሕር አይተው የማያውቁ ወጣት ነበሩ።

«ያቺ መርከብ ጠባብ ነበረች፤ ወለል ላይ ተኛን፤ አስመለሰን» አሉ። «ነገር ግን ወዴት እንደምትወስደኝ አውቅ ነበር። ይህ ሰፊ ነው፣ ያበራል፣ ይዘፍናል። አዙሮ አዙሮ ግን እዚያው ሃይፋ መለሰኝ!» ሁላችንም ሳቅን፣ እርሳቸውም ሳቁ። ቆይተው ግን አንድ ከባድ ነገር ጨመሩ፦ «የደወሉ ቀን ግን ፈራሁ። ምን እንደሚሉ አልሰማሁም» አሉ። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ማን ነው እውነቱን የተናገረው? ሁሉም ናቸው። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ሆኜ በየቀኑ የማየው ይህን ነው። ሰው አንድን ነገር የሚመዝነው ከየት እንደ መጣ፣ ምን እንደ ጠበቀና በየትኛው ክፍል እንደ ተቀመጠ ነው። የክፍሉ ነገር ቀልድ አይደለም። ረጅም ሳንቃ መሃሉን ደግፋችሁ ብታወዛውዙት ጫፍና ጫፉ ብዙ ይነሳል፣ ይወድቃል፤ መሃሉ ግን ብዙም አይንቀሳቀስም። መርከብም እንዲሁ ነው። ከታች መካከል ላይ የተኛ ማዕበሉን እምብዛም አይሰማውም፤ ከላይ ከፊት በኩል የተኛ ሌሊቱን ሙሉ ሲናወጥ ያድራል። ጠዋት ሲገናኙ አንዱ «ባሕሩ ጸጥ ያለ ነበር» ሲል ሌላው «አለቅን!» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም።

አዲስ መጥ ቤተሰቦች ግን ብዙ ጊዜ የምንወስነው በአንድ ሰው ወሬ ነው። «እከሌ ያ ሰፈር ጥሩ አይደለም አለኝ»፣ «እከሊት ልጅሽን እዚያ አዳሪ ትምህርት ቤት አታስገቢ አለችኝ» እየተባለ ትልቅ ነገር ይወሰናል። ምክር መስማት መልካም ነው። ነገር ግን ሰውየው «ጥሩ ነው» ወይም «መጥፎ ነው» ሲላችሁ፣ «ለአንተ ጥሩ የሆነልህ ምኑ ነው? መጥፎ የሆነብህስ ምኑ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ሙዚቃ ለሚወድ ጎረምሳ ጥሩ የሆነው መርከብ ጸጥታ ለሚሹ ሽማግሌ መጥፎ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በመጨረሻው ምሽት በመርከቡ ላይ የአስተያየት ወረቀት ታድሎ ነበር። በዕብራይስጥና በሩሲያኛ የተጻፈ ነው። ስለ ምግቡ፣ ስለ ክፍሉ፣ ስለ አቀባበሉ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ስጡ ይላል። እኔ እየዞርኩ ተረጎምኩላቸው። መስኮት የሌለው ክፍል የደረሳቸውን ሽማግሌ ጠየቅኋቸው። «አምስት ብለሽ ጻፊ፣ ልጄ» አሉኝ። «አባባ፣ ክፍሉ ተስማምቶዎታል?» ብል «በሰው ቤት በልቶ፣ በሰው ቤት ተኝቶ ማማት ነውር ነው» አሉ። ከእኛ ወገን የተሰበሰበው ወረቀት ሁሉ ማለት ይቻላል አምስት፣ አምስት፣ አምስት ነበር።

ይህ ጨዋነት ነው፤ አላቃልለውም። በአገራችን እንግዳ የቀረበለትን ወጥ «ጨው በዝቶበታል» አይልም። ወላጆቻችን «ዝም አይነቅዝም» ያሉትም በከንቱ አይደለም፤ የተናገረ የሚታሰርበትን ዘመን አይተዋል። ነገር ግን በመርከቡ ላይ እንግዶች አልነበርንም። ከፍለን የገባን ነን። ወረቀቱን የሚያነበው ክፍልም ይሉኝታችንን አያይም፤ የሚያየው ቁጥሩን ነው። «እነዚህ ሰዎች ሁሉ ተመችቷቸዋል» ብሎ መዝግቦ ያልፋል። በዚህ አገር ዝም ያለ ሰው እንደ ተስማማ ይቆጠራል።

የወልቃይቷ እናት ፍርሃት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። መርከቡ ሲነሳ የአደጋ ጊዜ ልምምድ ነበር። በ2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለው መርከብ በጣሊያን ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከዓለት ተጋጭቶ 32 ሰዎች ሞቱ፤ በዚያው ዕለት ከተሳፈሩት ብዙዎቹ ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር። ከ2015 ጀምሮ ልምምዱ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ወይም ወዲያው እንደ ተነሳ እንዲደረግ ዓለም አቀፍ ደንብ ያስገድዳል። በእኛም ጉዞ ደወሉ ተደወለ፤ የት መሰብሰብ እንደሚገባ፣ የነፍስ አድን ሰደርያው እንዴት እንደሚታሰር በሦስት ቋንቋዎች ተነገረ። አማርኛ ግን አልነበረበትም። በእኔ አጠገብ የነበሩት ትርጉም አገኙ፤ ሌላ ፎቅ ላይ የነበሩት ግን ሰው የሄደበትን ተከትለው ሄዱ። ይህን ጉዳይ በወረቀቱ ላይ የጻፈ ማንም አልነበረም።

በቡናው ዙሪያ ይህ ሁሉ ከወጣ በኋላ «ደብዳቤ እንጻፍ» አልኩ። ወዲያው ክርክር ተነሳ። «መጀመሪያ እንስማማ እንጂ! አንዷ ንግሥት ሆንኩ ትላለች፣ አንዱ ታሰርኩ ይላል፤ ምን ብለን ነው የምንጽፈው?» አሉ። በሽምግልና ልማዳችን ሽማግሌዎች አንድ ቃል እስኪሆኑ ድረስ አይነሱምና ጥያቄው ትክክል ነው። ነገር ግን የአስተያየት ደብዳቤ የእርቅ ውል አይደለም። የወደደው «ወደድኩ»፣ ያልወደደው «አልወደድኩም» ብሎ ጎን ለጎን ሊጻፍ ይችላል። እንዲያውም ምስጋናው ከወቀሳው ጋር ሲሄድ ወቀሳው ይታመናል።

እንዲህም አደረግን። ስለ መስተንግዶው አመሰገንን። ቀጥለን ሦስት ነገር ጠየቅን፦ የአደጋ ጊዜ መመሪያው በአማርኛ እንዲታተም፣ ለአረጋውያን ክፍል ሲሰጥ መስኮት ያለውና ለአሳንሰሩ የቀረበ እንዲሆን፣ በምሽት ሙዚቃ የማይደርስበት አንድ አዳራሽ እንዲኖር። ንግሥት የሆኑት እናትም፣ የታሰሩት ሽማግሌም በአንድ ወረቀት ላይ ፈረሙ፤ 17 ሰው ፈረመ። ከአንድ ወር በኋላ መልስ መጣ። መመሪያውን እንደሚያሳትሙና ትርጉሙን እንድንልክላቸው ጻፉ፤ ስለ ክፍሎቹም ሲመዘገቡ አስቀድሞ ይጠየቅ አሉ። ስለ ሙዚቃው ግን አንድ ቃል አልጻፉም። ሦስት ጠይቀን ሁለት ማግኘት መጥፎ አይደለም። ትርጉሙን ከሞዓዶኑ ወጣቶች ጋር ሠርተን ልከናል።

ውድ ወላጆች፣ ለመርከብ ጉዞ ልትመዘገቡ ካሰባችሁ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ በዋጋው ውስጥ ያልተካተተው ምንድን ነው? ክፍሉ በየትኛው ፎቅ፣ መካከል ነው ወይስ ጫፍ? ምግቡ ካሸር ነው? ሰንበት በየት ታልፋለች? የትኛው የጉዞ ሰነድ ያስፈልጋል? ደግሞም በስልክ አግባብተው ለሸጡላችሁ ዕቃ ወይም አገልግሎት ሕጉ አዲስ መጤን በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት፣ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑትንና አካል ጉዳተኞችን ለመሰረዝ እስከ 4 ወር ጊዜ ይሰጣቸዋል። ለጉዞና ለመዝናኛ ግን መነሻው ቀን ሲቃረብ ይህ መብት ስለሚጠብብ አትዘግዩ፤ የማታውቁትን ከመፈረማችሁ በፊት አስተርጉሙ።

ከመርከብ ይልቅ በየሳምንቱ የምታገኙት ግን ሌላ ወረቀት ነው። ከልጆች ትምህርት ቤት ይመጣል፣ ከቁፓት ሆሊም በስልክ ይጠይቃችኋል፣ በኡልፓኑ ማብቂያ ላይ ይታደላል። «በሴደር፣ በሴደር» ብላችሁ አትለፉት። መምህሯ «ልጁ እንዴት ነው? ቅሬታ አላችሁ?» ስትል ልጁ ማታ ማታ እያለቀሰ እንደሚመጣ ንገሯት። ሐኪሙ «መድኃኒቱ ተስማማሽ?» ሲል ካዞረሽ «አዞረኝ» በይ። ዕብራይስጣችሁ ካልበቃ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ወይም በአማርኛ ጽፋችሁ አምጡልንና እንተረጉመዋለን። አክብሮ መናገር ይቻላል፤ ሽማግሌው በደብዳቤው መጨረሻ «እግዚአብሔር ይስጥልን» አስጽፈው ነበር፤ መስኮት የለሹን ክፍል ግን አልተዉም።

ወላጆቻችን «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። በዚህ አገር ደጃዝማችነት ባይኖርም፣ ካለመናገር የሚቀር ብዙ ነገር አለ።

እናንተም በጉዞም ሆነ በሌላ ቦታ ያያችሁትን፣ የወደዳችሁትንም ያልወደዳችሁትንም፣ ለዚህ ጋዜጣ ጻፉልን። አስተያየታችሁ ከሌላው ጋር ባይስማማም እናወጣዋለን።

በሰላም ያገናኘን።