የጭቃ ቤት ጠላት ጭቃው አይደለም፤ ውሃው ነው

በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ቀበሌዎች ክረምት በመጣ ቁጥር የሚሰማው ስሞታ ያው ነው። ጣሪያው አፈሰሰ፣ ግድግዳው ተሰነጠቀ፣ ልስኑ ረገፈ። ተከትሎ የሚመጣው ምክርም ያው ነው፦ «በሲሚንቶ አስለስነውና ተገላገል!» ምክሩ ከቅንነት የመነጨ ነው። ይሁንና ስንቱ ቤተሰብ እህል ሸጦ ወይም ዕቁብ ወጥቶለት የሚገዛው ሲሚንቶ፣ ቤቱን በማዳን ፈንታ ውስጥ ውስጡን እንዲበሰብስ ያደርገዋል።

ይህ ተራ የጓዳ ጣጣ የሚመስለው ካለ ያለፉትን ዓመታት ያስታውስ። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆይታለች። ከተሰደደበት የተመለሰ ብዙ ሰው የጠበቀው በጥይት የተበሳ ቆርቆሮና የተገነጠለ በር ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት መጣ፤ መንገድ ሲዘጋ የግንባታ ዕቃም አብሮ ይቆማል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ጥሬ ዕቃቸው ከባሕር ማዶ የሚመጣው ቆርቆሮና ሚስማር ከድሃው ኪስ ይበልጥ ራቁ። ስለዚህ ዛሬ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ያለ ቦታው ማፍሰስ ተራ ስህተት አይደለም። የልጆች ቀለብ ነው የሚፈሰው።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎችም አይደለም። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ እንዳሳየው አብዛኛው የኢትዮጵያ መኖሪያ ቤት ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ነው። ከዚያ ወዲህ ብሎኬት ቢበዛም የወልድያን የውስጥ ለውስጥ ሰፈሮች የተመለከተ ሰው ጭቃው ገና እንዳለ ያውቃል። የጭቃ ቤት ባለቤት ግን ቤቱን እንዴት እንደሚጠግን የሚነግረው የለም። የሚነገረው አፍርሶ በብሎኬት እንዲሠራ ነው።

እንግዲህ ከሥሩ እንጀምር። ሲሚንቶ በጭቃ ላይ ለምን አይበረክትም? የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ውስጡ ያለው ባሕር ዛፍም እንደዚሁ ይንቀሳቀሳል። ሲሚንቶ ግን ደረቅ ነው፤ አብሮ አይሄድም። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ከጭቃው ይላቀቅና በመካከል ክፍተት ይፈጠራል። ከዚያ በቀጭን ስንጥቅ የገባ ዝናብ መውጫ ያጣል። ከውጭ ሲታይ ግድግዳው ያማረ ነው፤ ከውስጥ ማገሩ ይሻግታል፣ ምስጥም የሚወደውን ጨለማና እርጥበት ያገኛል። አንድ ቀን ልስኑ እንደ ቅርፊት ሲገነጠል ባለቤቱ «ሲሚንቶው ሸቃባ ነው» ይላል። ሲሚንቶው ሸቃባ ላይሆን ይችላል፤ የማይገጥሙ ነገሮች ናቸው የተጋቡት።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እዚያው ሰሜን ወሎ ውስጥ ላሊበላ አለች። ከዐለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት ያነጹት ሰዎች የውሃ መውረጃ ቦይ አብረው ፈልፍለዋል፤ ጠላታቸውን ያውቁ ነበር። በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግን ዐለቱን ከዝናብ ለመከላከል ተብሎ ሬንጅ ተቀባ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠማሩት የጥገና ባለሙያዎች ከሥራቸው አንዱ ያንን ሬንጅ መፋቅ ነበር፤ እርጥበትን አፍኖ ይዞ ነበርና። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ፣ ራንቾስ ደ ታኦስ የሚገኘው የጭቃ ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. በ1967 በሲሚንቶ ተለሰነ። አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1979፣ ሲሚንቶው ተፍቆ ወደ ጭቃው ተመለሰ። ዛሬ ምእመናኑ በየዓመቱ ተሰብስበው ራሳቸው ይመርጉታል። የማሊው የጄኔ ታላቅ መስጊድም የሚቆመው የከተማው ሰው በየዓመቱ ወጥቶ ስለሚለስነው ነው። በወሎ ቋንቋ ይህ ደቦ ነው።

ታዲያ ቤቱ የተጎዳበት ሰው ምን ያድርግ? ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ከላይ ወደ ታች፣ ከውሃ ወደ ግድግዳ። ጣሪያ ሳይደፈን፣ ውሃ ሳይቀየስ ግድግዳ መለሰን ገንዘብ መድፋት ነው።

አንደኛ፣ ጣሪያ። ቆርቆሮ አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈስሰው በሚስማሩ ቀዳዳ ነው። እንጨቱ ሲደርቅ ሚስማሩ ይላላል፣ ነፋስ ሲያወዛውዘው ቀዳዳው ይሰፋል። የላላውን ሚስማር እዚያው መልሶ መደብደብ ለአንድ ሳምንት ነው። ነቅሎ፣ ረዘም ያለና ጎሚኒ ያለው የቆርቆሮ ሚስማር መምታት ይሻላል። ሚስማር የሚመታው ከፍ ባለው የቆርቆሮ መስመር ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ አይደለም። በጥይት ወይም በፍንጣሪ የተበሳውን በቁራጭ ቆርቆሮ መጣፍ ይቻላል፤ ዙሪያውን ሬንጅ ወይም ሲሊኮን አስይዞ። ቀዳዳው ትልቅ ከሆነ የጥፊያው የላይኛው ጫፍ ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር መግባት አለበት። አለዚያ ውሃው ጥፊያውን እንደ ደረጃ ተጠቅሞ ይገባል። የሚወጣ ሰው ሚስማር የተመታበትን መስመር ይርገጥ፤ ሥሩ እንጨት አለና። ብቻውን ደግሞ አይውጣ፣ መሰላል የሚይዝለት ይኑር።

ሁለተኛ፣ ውሃው የሚሄድበት። አሸንዳ የሌለው ጣሪያ ውሃውን ከግድግዳው ሥር ይደፋዋል። መሬት ላይ ነጥሮ የሚረጨው ውሃ ነው የግድግዳውን ግርጌ የሚልጠው። አሸንዳ መግዣ ከሌለ ከጣሪያው ጠብታ ሥር ድንጋይ ወይም ጠጠር መደርደር፣ ከቤቱ የሚያርቅ ቦይ መቆፈር ይቻላል። ለዚህ አካፋና ግማሽ ቀን ይበቃል። ሌላም አለ፦ ኮብልስቶን ወይም አስፋልት ሲነጠፍ መንገዱ ከፍ ይልና የድሮው ቤት ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል። የሰፈሩ ጎርፍ በሙሉ ወደ ሳሎን ነው የሚመጣው። ይህን አንድ አባወራ በአካፋ አይፈታውም። ጎረቤት አንድ ላይ ሆኖ፣ መንገዱ ከመነጠፉ በፊት፣ «የውሃ መውረጃው የት ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ሦስተኛ፣ ስንጥቅ። ሁሉም ስንጥቅ አንድ አይደለም። እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ቀጭን ስንጥቅ ጭቃው ሲደርቅ የመጣ ነው፤ ጭድ አንሶታል ማለት ነው፣ አያስፈራም። ከበር ወይም ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ ሰያፍ የሚወጣ፣ እየሰፋም የሚሄድ ስንጥቅ ግን መሠረቱ እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ይናገራል። በተለይ ዋልካ መሬት ላይ የተሠራ ቤት እንዲህ ይሆናል፤ ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ከመድፈን በፊት የስንጥቁን ሁለት ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ቀኑን መጻፍ ነው። ከአንድ ክረምት በኋላ ከምልክቱ ካላለፈ ይደፈን። ካለፈ ግን ግንበኛ ጠርቶ መሠረቱን ማሳየት ይሻላል፤ ጭቃ መቀባት ችግሩን መሸፈን ነው።

አራተኛ፣ ግድግዳው። በሲሚንቶ የተለሰነውን በጣት መገጣጠሚያ ማንኳኳት ነው። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ክፍል ለቋል፤ እሱን አንሥቶ ውስጡ እስኪደርቅ ክፍት መተው። አጥብቆ የያዘውን በግድ መንቀል አያስፈልግም። አዲሱ ምርጊት ከጭድ ጋር ለብዙ ቀን እየተረገጠ የቦካ ይሁን፤ ዛሬ ተለውሶ ዛሬ የተመረገ ጭቃ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ በእንጀራ ምጣድ ስፋት ልክ ግድግዳው ላይ ቀብቶ መሞከር ይበጃል። ሲደርቅ ከተሰነጠቀ ጭድ ወይም አሸዋ ይጨመር፤ ሲነኩት ከተፈረፈረ ደግሞ አሸዋው በዝቷልና የሚጣበቅ አፈር ይጨመር። የድሮውን ግድግዳ ውሃ ረጭቶ ማራስ አይረሳ። ላዩን ማሳመር የፈለገ ኖራ ይቀባ፤ ኖራ ግድግዳውን አያፍነውም።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። በሰሜን ወሎ ከክረምቱ ሌላ የበልግ ዝናብ አለ። ስለዚህ ለምርጊት ምርጡ ወቅት ታኅሣሥና ጥር ነው፤ ጤፍ ተወቅቶ ጭድ የሚገኘውም ያኔ ነው። ጣሪያና ቦይ ደግሞ ከሰኔ በፊት ይለቅ። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

ሁለት ነገር ግን በቤት ሙያ አይሞከርም። አንዱ ኮረንቲ ነው። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር በሽቦ ቁራጭ የሚያያይዝ ሰው ፊውዙ የሚጠብቀውን ቤት ለእሳት አሳልፎ እየሰጠ ነው። ግድግዳው እርጥብ በሆነበት ክረምት ደግሞ የተላጠ ገመድ ሰው ይገድላል። ሁለተኛው የጦርነት ቅሪት ነው። ቦይ ሲቆፈር ወይም ፍርስራሽ ሲነሣ የማይታወቅ ብረት ከተገኘ አለመንካት፣ ልጆችን ማራቅ፣ ለፖሊስ ማመልከት። አንዲት የቆርቆሮ ወይም የብረት ቁራጭ ለማትረፍ እጅና ዓይን አይከፈልም።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄ። ስሪንቃ፣ እዚያው ሀብሩ ውስጥ፣ ለማሽላ ገበሬ ዝርያ የሚያወጣ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ የቴክኒክና ሙያ ተቋማትም አሉ። የግንባታ ትምህርቱ ግን ወደ ብሎኬትና ኮንክሪት ያዘነበለ ነው። አብዛኛው ሕዝብ የሚኖርበትን ቤት የሚጠግን ባለሙያ ማን ያሠልጥን? የየሰፈሩን አፈር ሞክሮ «ይህ ዋልካ ነው፣ ይህን ያህል ጭድና አሸዋ ይፈልጋል» የሚል አንድ ገጽ ወረቀት ማዘጋጀት ከባድ በጀት አይጠይቅም። መልሶ ግንባታ በተባለ ቁጥር ስብሰባው የሚያወራው ስለ ትልልቅ ሕንፃዎች ነው። ቆርቆሮዋ የተበሳባት እናት የምትፈልገው ጥቂት ቆርቆሮ፣ ጎሚኒ ያለው ሚስማርና ከሰኔ በፊት የሚደርስላት አንድ አናጢ ነው። ከባለሥልጣንም ከዕርዳታ ድርጅትም የሚጠበቀው በቅድሚያ ይኸው ነው።

መንግሥት እስኪሰማ ግን ዝናቡ አይጠብቅም። ጎረቤት ለጎረቤት በደቦ ቦይ መቆፈር፣ የአረጋውያንንና አባወራ የሌላቸውን ቤቶች ጣሪያ አስቀድሞ ማየት ይቻላል። ጭቃ ማቡካት የሚያውቁ እናቶችና አባቶች ገና በየሰፈሩ አሉ። ወጣቱ ሳይዘገይ ከእነሱ ይማር።