ሸክላው ከምን ተቀዳ?

ቢቸና ውስጥ ዳግም የታተሙ ሸክላዎችን የሚሰበስብ ሰው ብዙ አይገኝም። እኔ ግን ከገባሁበት ቆይቻለሁ። ካሉኝ ሸክላዎችና ዲስኮች አንዱ ወገን፣ አዲስ አበባ ውስጥ በንጉሡ መጨረሻና በደርግ መጀመሪያ ዘመን ወጥተው ከብዙ ዓመት በኋላ ውጭ አገር እንደገና የታተሙ የኛው ሙዚቃዎች ናቸው። ሌላው ወገን በዚያው ዘመን አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ለአራት ስፒከር የተዘጋጁ፣ ኳድራፎኒክ የሚባሉ ሥራዎች ናቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን መስማቴ ብዙ ነገር አስተምሮኛል። ዋሽንግተን የምትኖር ታላቅ እህቴ ባትኖር አብዛኞቹ እጄ ባልገቡ ነበር። ሽፋኖቹ ላይ የሰፈረው የአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ ዓመቶቹን በሙሉ በእሱ ጽፌያቸዋለሁ።

1. ዳግም እትም አዲስ ሥራ ነው።

መጀመሪያ ላይ ዳግም እትም ማለት አሮጌው ሸክላ ታጥቦና ተወልውሎ ሲመለስ ይመስለኝ ነበር። ይህን ሐሳቤን የቀየረው የፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን» ነው። አልበሙ በ1973 ሲወጣ የቀረጻ ባለሙያው አለን ፓርሰንስ ለአራት ስፒከር የሚሆን ቅንብር ሠርቶለት ነበር። «ታይም» የተባለው ዘፈን መግቢያ ላይ የሚጮኹትን ሰዓቶች ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የቀዳቸውም አስቀድሞ ይህን ባለአራት አቅጣጫ ድምፅ ለማሳየት ብሎ ነው። በ2003 የአልበሙ 30ኛ ዓመት ሲከበር ግን የወጣው የዙሪያ ድምፅ የፓርሰንስ አልነበረም፤ ጀምስ ገትሪ እንደ አዲስ ያዘጋጀው ነው። የፓርሰንስን ለመስማት በ2011 የወጣውን ትልቁን ሣጥን መጠበቅ ግድ ሆነ።

ተጫዋቾቹ እነዚያው፣ ዘፈኖቹም እነዚያው ናቸው። ነገር ግን ጊታሩን የት እናስቀምጠው፣ የቱን ድምፅ ወደ ጀርባ እንላከው የሚለውን የወሰኑት ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ዳግም እትም ሳነሣ መጀመሪያ የምፈልገው የዘፋኙን ስም ሳይሆን ቅጂውን ለእትም ያዘጋጀውን ሰው ስም ነው።

2. ከሽፋኑ በፊት ምንጩን ጠይቁ።

ይህ ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ኳድራፎኒክ ሸክላዎች በ1970ዎቹ መጀመሪያ ገበያ ሲገቡ የማይግባቡ ስልቶች ነበሩ። የአሜሪካው ሸክላ አሳታሚ ኮሎምቢያ «ኤስ ኪው» የሚባል ነበረው፤ አራቱን ድምፅ በሁለት ላይ አጣጥፎ ያስገባና በቤት ውስጥ በልዩ መሣሪያ መልሶ ይፈታዋል። ሲፈታ ግን የፊቱ ከኋላው በደንብ አይለይም። የጃፓኑ ጄቪሲ «ሲዲ ፎር» ደግሞ አራቱን በትክክል ለያይቶ ያስቀምጣል፤ የፊቱንና የኋላውን ልዩነት የሚሸከመው ግን ጆሯችን ከሚሰማው በላይ የሆነ የ30 ኪሎኸርዝ ሞገድ ነው። ያን ሞገድ ለማንበብ ኖሪዮ ሺባታ የተባለ የጄቪሲ መሐንዲስ ልዩ ቅርጽ ያለው መርፌ ፈለሰፈ፤ መርፌው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሸክላው በተራ መርፌ ደጋግሞ ከተጫወተ ረቂቁ ሞገድ ይፋቃል። ሙዚቃው ይሰማል፤ አራት አቅጣጫው ግን የለም። ገዢው የአንዱን ስልት መሣሪያ ገዝቶ የሌላውን ሸክላ በወጉ ማጫወት አለመቻሉም ሰውን አሰለቸ፤ አሥር ዓመቱ ሳያልቅ ነገሩ ከገበያ ወጣ።

ስለዚህ ዛሬ በደንብ የሚሠሩ አሳታሚዎች፣ ለምሳሌ የእንግሊዙ ደተን ቮካሊዮን፣ ሸክላውን አይነኩትም። ወደ መጀመሪያው ባለአራት መስመር ክር ይመለሱና ከዚያ ገልብጠው በዲስክ ያወጡታል። ገዢው በ1974 ሊሰማው ያልቻለውን እኛ ዛሬ የምንሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ወደ ኛዎቹ ሸክላዎች በሌላ ዓይን ተመለስኩ። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲመሠርት ሸክላ የማሳተም መብቱ በድንጋጌ የሀገር ፍቅር ማኅበር ነበር። እሱ ደፍሮ ገባበት፤ የመጀመሪያዎቹን ህንድ አገር አሳተመ፤ በ1975 አገር ጥሎ እስኪወጣ ድረስ 103 ነጠላ ሸክላዎችና 12 አልበሞች አወጣ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ የእነዚህን ሥራዎች ብዙውን ክፍል ለዓለም አደረሰ። ዋናው ክር ሲገኝ ከክሩ፣ ክሩ ሲጠፋ ደግሞ ካልተጫረ ሸክላ መገልበጥ አለ። ሁለቱም ክቡር ሥራ ነው፤ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ምንጩን በግልጽ የሚጽፍ አሳታሚ እምነቴን ያገኛል። ስለ ምንጩ አንድ ቃል ሳይተነፍስ በወፍራም ሸክላና በሚያብረቀርቅ ሽፋን የሚመጣውን ግን፣ እህቴ ገንዘቧን እንዳታወጣበት እነግራታለሁ።

3. የስፒከር ብዛት የሙዚቃ ብዛት አይደለም።

አራት ስፒከር መስማት ስጀምር፣ የኛ የቀድሞ ሙዚቃ በሞኖ መቅረቱ ያስቆጨኝ ነበር። የማሕሙድ አሕመድን ወይም የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ በዙሪያዬ ለመስማት ተመኘሁ፤ በኮምፒውተር የሚሠራውንም አስመሳይ የዙሪያ ድምፅ ሞከርኩት። የናስ መሣሪያዎቹ ቀጥነው፣ የዘፋኙ ድምፅ ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ሆኖ መጣ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ብዙዎቹ ሥራዎች ዘፋኙና ባንዱ አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው በአንድ ጊዜ የተቀዱ ናቸው፤ ተለይቶ የተቀመጠ ነገር ከሌለ ከኋላ የሚያስቀምጡት ነገር የለም።

ነገሩ ይበልጥ የገባኝ በሙላቱ አስታጥቄ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ተቀርጾ በ1972 የወጣውን «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የእንግሊዙ ስትራት በ2017 ሲያሳትመው፣ ከስቴሪዮው ጋር ከዚያ በፊት ወጥቶ የማያውቅ የሞኖ ቅንብር ጨመረበት። ሁለቱን አፈራርቄ ሰማኋቸው። ስቴሪዮው ሰፊ ነው፤ መሣሪያዎቹን ለይቶ ለማጥናት ያመቻል። ሞኖው ግን ከበሮውንና ቤዙን አንድ አድርጎ ይገፋቸዋል፤ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። የሞኖ ሸክላ በአንድ ደህና ስፒከር፣ ከፊት ለፊት ተቀምጠው ሲሰሙት ምንም አይጎድለውም።

4. የዙሪያን ድምፅ እኛ ቀድመን እናውቀዋለን።

መጽሔቶች ኳድራፎኒክን ሰው በድምፅ መካከል እንዲቀመጥ ያስቻለ ግኝት አድርገው ያወድሱታል። እኔም አምኜ ነበር። አንድ የክብረ በዓል ሌሊት ቅኔ ማኅሌት ቆሜ ሳለሁ ግን ነገሩ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ እንደነበር አስተዋልኩ። በጎጃም ክብ ቤተ ክርስቲያኖች ቅኔ ማኅሌቱ የውጩ ክበብ ነው። መዘምራኑ በቀኝና በግራ ተከፍለው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንዱ ወገን ያነሣል፣ ሌላው ይቀበላል። ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ የሚባሉት ማዕረጎችም ከዚሁ አቋቋም ጋር የተያያዙ ናቸው። ጸናጽሉ ከሁለቱም በኩል ይመጣል፣ ከበሮው በመካከል ይንቀሳቀሳል፣ ከክቡ ግድግዳ የሚመለሰው ድምፅ ደግሞ ከጀርባ ይደርሳል።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ቤቴ ውስጥ የለወጥኩት ስፒከሮቹን ሳይሆን ክፍሉን ነው። የኋላዎቹን ከጆሮዬ አራቅኋቸው፤ ባዶ የነበረው ግድግዳ ላይ ጋቢና ምንጣፍ ሰቀልኩ። ለውጡ ማንኛውም አዲስ ዕቃ ካመጣልኝ ይበልጣል። ስፒከር ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ መጀመሪያ ክፍላችሁ ውስጥ አጨብጭቡና መልሱን ስሙት።

5. አቧራና ክረምት አይመቹም።

ሸክላ በቁሙ ይቀመጥ፤ ተደራርቦ የተኛ ይጎብጣል። በክረምት ሽፋኑ እንዳይሻግት ከግድግዳ ይራቅ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ማጫወቻው ሶኬት ላይ አይገኝ። ሌላው በሥራ ይለመዳል።

6. ካሴትን አትናቁ።

በ1970ዎቹ መጨረሻ የሸክላ ኅትመት ቆሞ ገበያውን ካሴት ያዘው። እኔ ካሴትን የሸክላ ድሃ ዘመድ አድርጌ ስለማይ ሳጥን ሙሉ ካሴት ሲሰጡኝ እንኳ አልወስድም ነበር።

ይህን ያፈረሰው የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ነው። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ አሜሪካ ከቀረ በኋላ በ1985 ብቻውን፣ አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ኪቦርዶችና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕዶ አንድ ካሴት ሠራ። ካሴቱን ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ያገኘው ባሕር ዳር ነው። በ2013 በሸክላና በዲስክ አሳተመው፤ በቀጣዩ ዓመትም የዋልያስን የ1977 አልበም «ጨ በለው»ን አስከተለ። ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ የነበረው ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። አንድ ዳግም እትም ባለሙያውን በሕይወት እያለ ሊያገኘው፣ ሊከፍለውና ወደ ሥራው ሊመልሰው እንደሚችል ያየሁት በዚህ ነው። አሁን አንድ እትም በባለመብቱ ፈቃድ መሠራቱን ሳላረጋግጥ አልገዛም።

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ በቤቴ አቅራቢያ ያልፋል። ያ ካሴት የተገኘባት ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ናት። እኔ ግን ዓይኔ ለንደንና ኒው ዮርክ ላይ ነበር።

7. ያልታተመውም ይሰብሰብ።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 ገደማ ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ባያስቀርጹ ኖሮ፣ ያ ዘመን እንዴት ይዘፍን እንደነበር ዛሬ በጆሯችን ባልሰማን፤ የኢትዮፒክስ 27ኛ ቅጽም ባልኖረ። በኛ አካባቢ የሠርግ አዝማሪ፣ የበገና ድርደራ፣ የቀረርቶና የፉከራ ቅጂ በየሰው ቤት ካሴት ላይ አለ። አብዛኛው አሳታሚ የለውም፣ ሽፋን የለውም፣ ስምም የለውም።

ስለዚህ ካሴት መሰብሰብ ጀምሬያለሁ። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ካሴቱን ከማጫወቴ በፊት በእጄ ቀስ ብዬ አዞረዋለሁ፤ ክሩ ከተጣበቀ ሞተሩ ይበጥሰዋል። ክሩን ማንበቢያው ላይ የምትጫነው ትንሿ ስፖንጅ ከወደቀች ክሩን ወደ ሌላ ጤነኛ ቀፎ አዛውረዋለሁ። ማንበቢያውን በአልኮል እጠርጋለሁ። ከዚያ አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ወደ ኮምፒውተር እቀዳዋለሁ፤ ፉጨቱንም ሹክሹክታውንም አላጠፋም፤ ማጽዳት የሚፈልግ በኋላ ከቅጂው ላይ ያጽዳ፣ ዋናው ግን እንዳለ ይቆይ። ባለቤቱን እጠይቃለሁ፦ ማን ነው የሚጫወተው፣ ሠርጉ የማን ነበር፣ የት፣ በየትኛው ዓመት። መልሱን ወረቀት ላይ ጽፌ ከካሴቱ ጋር አስቀምጣለሁ፤ ካሴቱንም ለባለቤቱ እመልሳለሁ። ቢቸና ላይ ጀምሬ ደብረ ወርቅ ደርሻለሁ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ ሞጣ እሄዳለሁ።