ማቴንጌና ነቀዝ

በዚህ እትም አንድ ዛፍና አንድ ነቀዝ ጎን ለጎን አስቀምጠን ብናያቸው ብለን አሰብን። «ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። ሁለቱም እኮ እንደ እኛው መጤ ናቸው! የትውልድ አገራቸው መካከለኛው አሜሪካና አካባቢው ነው።

ማቴንጌ የምንለው እሾሃም ዛፍ (የሳይንስ ስሙ ፕሮሶፒስ) ተጋብዞ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ሞምባሳ አጠገብ ባምቡሪ ላይ ተተከለ፤ በ1980ዎቹ በረሃን ይመክታል፣ ማገዶም ይሆናል ተብሎ በባሪንጎና በሌሎች ደረቅ ቦታዎች ተስፋፋ። አፋርም ያደገ ያውቀዋል። ነቀዙን ግን ማንም አልጠራውም። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ዱሙዚ ይሉታል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ታንዛኒያ፣ ታቦራ ላይ ታየ፤ ብዙም ሳይቆይ ኬንያ ገባ።

ዛፉን የሚረግመው ብዙ ነው። በ2006 የባሪንጎ ሰዎች መንግሥትን ሲከሱ፣ ፍሬውን እየበላች ጥርሷ ያለቀ ፍየል ይዘው ናይሮቢ ፍርድ ቤት ቀርበዋል። ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ዘሩም በፍየል ሆድ አልፎ በበጠጧ ይዘራል። እውነት ነው። ግን እኛ ካኩማ ያለነው ከሰላችንም፣ አጥራችንም፣ ጥላችንም እሱ አይደል? ክፍል ሲጠበን ተማሪዎቻችንን ከሥሩ አስቀምጠን አስተምረናል። የአገሬውን ግራር መንካት ከቱርካና ጎረቤቶቻችን ጋር ያጣላል፣ ባለቤት አለውና። ማቴንጌ በቅርብ ሲገኝ ሴት ልጆቻችን ለእንጨት ርቀው አይሄዱም፤ ርቀው በሄዱ ቀን ደግሞ ከክፍል ይቀራሉ፣ ወላጅም እስኪመለሱ ልቡ አያርፍም።

ነቀዙ ግን ምኑም አይጠቅምም። ርዝመቱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ጭንቅላቱን ከደረቱ ሥር ደብቆ በቆሎውን ሰርስሮ ዱቄት ያደርገዋል። ራሽን ባነሰበት ጊዜ ጆንያ ፈትቶ ዱቄት ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ለእናቶች አንነግርም። ከተፈለፈለው ይልቅ በቆረቆንዳው ላይ ያለው በቆሎ ይመቸዋል። ስለዚህ መፈልፈል፣ በደንብ ማድረቅ፣ አየር በማያስገባ ዕቃ መክደን ይበጃል።

አንድ ነገር ግን ብዙዎቻችን አናውቅም፦ ይህ ነቀዝ የደረቀ እንጨትም ይበሳል፣ እዚያው ይራባል። ማገዶና በቆሎ አንድ ጥግ ማስቀመጥ ለእሱ ቤት መሥራት ነው። ቤታችን አንድ ክፍል ሆኖ የት እናድርገው ትሉ ይሆናል። እኛ መምህራን ማገዶውን ውጭ፣ አጥሩ ሥር ማሳደር ጀምረናል። ሌባ ቢወስደውም ማቴንጌ ነው፣ ደግሞ ይበቅላል።